አንካሳዋ ጅብ የሸኘችው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ቀርቅሩት። ዛሬ ጆሯችሁን እንጂ አፋችሁን አልፈልግም።

ድሮ ነው። ልክ እንደዛሬው ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ጓንጉል የሚባል ሰው ከገበያ ብቻውን ይመለሳል። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው። ሰው የለም፣ ቤት የለም። መንደሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ መንደርተኛው ጅብ ሊያጠምድ ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የሚያቃስት ነገር ሰማ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ጅብ ናት፤ አንድ እግሯ ቆስሏል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በድንጋይ ትጨርሷት ነበር፤ አውቃችኋለሁ! የሱ አንጀት ግን አልቻለም። ግንድ አወረደላት፤ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ባመሸ ቁጥር ትከተለዋለች። ኮቴዋን ያውቀዋል፤ ሦስቱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ሌላ ጅብ አያስነካውም፤ አጥሩ ድረስ ሸኝታው ትመለሳለች። እሱም መንገድ ላይ ሳንባ ያጎርሳታል።

መንደሩ ይህን አየ። የዕድሩ ዳኛ አስጠሩት።

«ጅብ የሚሸኘው ሰው ከእኛ ጋር አይቀመጥም» አሉት። «ወይ ግደላት፣ ወይ አንተ ስትሞት ቀባሪ የለህም።»

ሳይቀበር መቅረትን የማይፈራ ማን አለ? ጓንጉልም ፈራ። ሳንባው ላይ መርዝ ነሰነሰ። አምናው ከእጁ በላች። ከዚያስ? አንጀቷ እየተቃጠለ እንደልማዷ አጥሩ ድረስ ሸኘችው! እዚያው በሩ ላይ ሞተች። መንደሩ እልል አለ።

በሳምንቱ ጓንጉል አመሸ። ከኋላው ኮቴ ሰማ። ሦስቱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ዞር አለ፤ ምንም የለም። ሮጠ፤ ኮቴውም ሮጠ። ተረከዙ ላይ ትንፋሽ ሞቀው። ከዚያ ሁለት ዓይን ከፊቱ በራ። በቤቱ መንገድ ላይ ቆማለች።

«የኔ እናት፣ ማሪኝ!» አላት።

ወደኋላ ሸሸ። ሸሸ፣ ሸሸ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ።

«ኧረ ዋሴ! ኧረ ድረስልኝ!» እያለ ጎረቤቱን ተጣራ። ሚስቱንም ተጣራ። ሁሉም ሰምተዋል። ግን ጅብ በሌሊት በሰው ድምፅ ይጣራል ይባል የለ? በዚያ መንደር ከጫካ ስሙን ቢጠሩት አቤት የሚል የለም። ሚስቱ ተከናንባ ተኛች። ሌሎቹ ጅቦች መጡ፤ አሁን የምትከለክላቸው የለችም።

ሲነጋ ዕድርተኛው አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ። የሚቀበር ነገር አልተገኘም።

ዋሴ የኔ አባት ነው። እስኪሞት ድረስ ሌሊት ሌሊት «አቤት! አቤት!» እያለ ከእንቅልፉ ይባንን ነበር።

እና ልጆቼ፣ በጨለማ ብቻችሁን... ዝም! ይሰማችኋል? ሦስቱ ይረግጣል... አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው! ስምህን ጠራ። አደራህን፣ እንዳትመልስ!