የተሸላሚዎቹ ዝርዝር

ምንትዋብን ከደቻሳ ጋር ያገናኛቸው የጫማ ታኮ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትጣደፍ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ታኮዋ ተነቀለና፣ እያነከሰች አንዲት ጠባብ የጫማ መስፊያ ቤት ገባች። ወጣቱ ሰፊ ግን የቆዳ ኳስ ይዞ ይታገላል።

«ኳሱን ተወውና የኔን ቅደም፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይጠብቁኛል።»

«ኳሱ ቀድሞሽ ነው የመጣው» አለ ቀና ሳይል። «ደግሞ ማታ አሥራ ሁለት ሴቶች ይጠብቁታል።»

«አሥራ ሁለት! ኧረ አንተስ ጎበዝ ነህ!»

ይሄኔ ቀና አለ። ተያዩ፤ ሳቅ አመለጣቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ምንትዋብ በወር ሦስት ጊዜ ታኮዋ የሚነቀል ሴት ሆነች።

አሥራ ሁለቱ ሴቶች የሰፈሩ የመረብ ኳስ ቡድን ናቸው። ደቻሳ ያለ አንድ ሳንቲም ያሠለጥናቸዋል። ኳሱን የሚሰፋ እሱ፣ መረቡን የሚጠግን እሱ፣ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ለምኖ የሚያመጣ እሱ። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በከፍተኛው የቀበሌዎች ውድድር ዋንጫ ሲበሉ ዋንጫው የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ ገባ፤ የአሠልጣኙን ስም ግን ያነሣ የለም። ደቻሳም ባይነሣ ይመርጥ ነበር። ምክንያቱን የነገረው ለምንትዋብ ብቻ ነው።

«ከገጠር መጥቼ የአጎቴ ሚስት ቤት ስገባ ማንም አልመዘገበኝም። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቀበሌው ያወቀኝ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ይወስደኛል። አደራሽን።»

«ከእኔ አይወጣም» አለችው። ከልቧ ነበር።

አባቷ አቶ ዓለምሰገድ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ዛሬም ከረቫት ሳያስሩ ከደጅ አይወጡም። የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት።

«የጫማ ሰፊ ሚስት ልትሆኚ? በቁሜማ አይሆንም!»

«አባባ፣ ሰውየውን እኮ አያውቁትም።»

«ማን ያውቀዋል? ሰው ፊት ስሙ የሚጠራ ሰው አምጪልኝና እንነጋገራለን።»

ይቺ ቃል ሆዷ ገብታ ቀረች።

ከጥቂት ወር በኋላ ቀበሌው የአካባቢውን ስፖርተኞችና ለስፖርት የደከሙ ሰዎችን ሊሸልም ተነሣ። ዝርዝሩን በታይፕ የምትጽፈው ምንትዋብ ናት። ሁለት ሯጮችና አንድ ቦክሰኛ ነበሩ፤ አራተኛውን ከራሷ ጨመረች። «ጓድ ደቻሳ፣ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ።» ዕድሜ ከሚለው ሥር ሠላሳ ሁለት አለች። ከሠላሳ በላይ አይወሰድማ! የልጅቷን ብልጠት አያችሁ?

ለደቻሳ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ልጆቹ ይሸለማሉ፣ ናና እይላቸው» ብቻ አለችው። ስሙ ድንገት ሲጠራ ፊቱን ማየት ፈልጋ ነው። ወይ ነዶ! ደስታን ደብቆ መስጠት ከየት የመጣ አመል ነው?

እሑድ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። አቶ ዓለምሰገድ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ዘርአጽዮን የደቻሳን ስም ሲጠራ አሥራ ሁለቱ ልጆች እልልታቸውን አቀለጡት። ደቻሳ መጀመሪያ ደነገጠ፤ በዓይኑ ምንትዋብን ፈለጋት፤ ስትስቅ ሲያያት ልቡ መለስ አለና ወደ መድረኩ ወጣ። የምስክር ወረቀትና ቴርሞስ ተሰጠው። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። አቶ ዓለምሰገድም አጨበጨቡ፤ አጠገባቸው ላለው ሰው «አውቀዋለሁ ይሄን ልጅ» ሲሉ ተሰሙ።

«ጓድ ደቻሳ» አለ ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው፣ «ይህን ሁሉ የሠራኸው ገና በስንት ዓመትህ ነው?»

ደቻሳ በዕድሜው ተጨብጭቦለት አያውቅም። ሊቀመንበሩን መች አየው! ዓይኑ ልጃቸውን በከለከሉት በአቶ ዓለምሰገድ ላይ ነበር።

«ሃያ አራት!» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

ምንትዋብ ክው አለች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፤ ልጁን አየ፤ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የዚያን ወር የዘማች ኮታ አልሞላለትም ነበር።

ማክሰኞ ማታ አቶ ዓለምሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በይ፣ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ረቡዕ ጠዋት እየሮጠች ቦሌ ሚካኤል ስትደርስ ሱቁ ተዘግቷል። በሌሊት ወስደውታል። ጉርድ ሾላ፣ ዘማቾቹ በተሰበሰቡበት ግቢ፣ የጭነት መኪናው ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ስሜን የጻፈው ማነው?» አላት። «ቢሮው ውስጥ ነሽ፤ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

መዋሸት ትችል ነበር። አልሆነላትም።

«እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ብዬ ነበር የጻፍኩት። አባባ እንዲያዩህ ብዬ... ላስደስትህ ብዬ...»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት በተሻላት።

«ብትነግሪኝ እኮ ሠላሳ ሁለት እል ነበር» አለ።

«ደቻሳዬ፣ አባባ እሺ አሉ! ትናንት ማታ። ሽማግሌ ይላክ አሉ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይሄ ነው። ደቻሳ የመኪናውን ጠርዝ ያዘ።

«እንግዲያው እንኳን ደስ ያለሽ» አለና መኪናው ላይ ወጣ። ዞሮ አላያትም።

ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሁለቱንም የጻፈው ለአጎቱ ሚስት ለእትዬ ዘርፌ ነው። እትዬ ዘርፌ ፊደል አልቆጠሩም፤ የምታነብላቸው ምንትዋብ ናት።

በሁለተኛውም አሥራ ሁለቱን ልጆች በየስማቸው ሰላም ብሏል። የጎረቤቱን ሽማግሌ ጤና፣ የእትዬ ዘርፌን ላም መውለድ ጠይቋል። ምንትዋብ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው።

«ላንቺስ ምን አለሽ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ምንትዋብ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«በጣም ናፍቃኛለች በሏት ብሏል፣ እትዬ።»

«እሰይ! እስቲ እሷን ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።