ሪፍሬሽ እንዳታደርጊው

«ኧረ ሸሸ! ደግሞ ሸሸ!»

ሚጢ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ልዋስ» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ነው። የማውሱን ቀስት ስታስጠጋበት አረንጓዴ ይሆናል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አረንጓዴው ከመድመቁ የተነሳ ነጩ ጽሑፍ አይነበብም። ልታስተካክለው ፈልጋ ብራውዘሩ ላይ ኢንስፔክት የሚለውን ከፍታለች፤ ገጹ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚያሳይ ሳጥን በስተቀኝ ወጥቷል። ግን የቀለሙን ትእዛዝ ልትፈልግ ቀስቱን ወደ ሳጥኑ ስትወስደው ቁልፉ ወዲያው ግራጫ! ስትመለስ አረንጓዴ፣ ስትሄድ ግራጫ። በቃ ያሾፍባታል።

ገጹን የሠሩት እሷና ጓደኛዋ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ። ተማሪ መጽሐፍ ሲዋስና ሲመልስ የሚመዘገብበት ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ይሞክሩታል። ከተመቻቸው ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ካልተመቻቸው የሌላው ቡድን፣ የእነ ቀውላላው፣ ገጽ ይገባል፣ የእነሱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ቁጭ ይላል። አሁን ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው።

የአይሲቲ ቲቸር በጀርባዋ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ምነው ሚጢ፣ ዝንብ ነው የምታባርሪው?»

«ቀለሙ ነው ቲቸር። ልይህ ስለው ይሮጣል።»

ቲቸር ሳቁ። «እንግዲያው አታባርሪው። ማውስ ሳይነካው እንደተነካ እንዲቆጥር አድርጊው።» ሳጥኑ ላይ አንድ ቦታ ሲጫኑ ትንንሽ ምርጫዎች ተደርድረው ወጡ። አንዱ ማውስ ሲጠጋ፣ አንዱ ሲጫኑት፣ አንዱ በኪቦርድ ሲደርሱበት ቁልፉ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። የመጀመሪያው ላይ ምልክት ስታደርግ ቁልፉ አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ አለ። ማንም ሳይነካው!

«ወይኔ! የት ነበርክ እስከ ዛሬ?» አለችው ሚጢ ምርጫውን።

ቲቸር ወደነ ቀውላላው ጠረጴዛ ሄዱ። ሚጢ የአረንጓዴው ቀለም ቁጥር ስንት ቢሆን ጽሑፉ እንደሚነበብ አይታ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ነገር ማነካካት ትወድ የለ፣ በኪቦርድ ሲደርሱበት የሚለውንም ሞከረችው።

ምንም አልሆነም። ቁልፉ ያው ግራጫ።

አጠፋችው፣ መልሳ አበራችው። ምንም። በኪቦርድ ሲሄዱ እኮ ያሉበትን ቁልፍ የሚከብብ ቀለበት መኖር አለበት፤ አለዚያ የት እንዳሉ በምን ያውቃሉ? ወደ ትእዛዞቹ ወረደች። አገኘችው። አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት፤ ቀለበቱ ይጥፋ ትላለች።

ጉድ ፈላ! ምክንያቱም ኃላፊዋ ማውስ አይዙም። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማውሳቸውን መሳቢያ ውስጥ ከዘጉበት ዓመት አልፎታል። ኪቦርዱ ላይ ታብ የምትባለዋን እየተጫኑ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱት። ይህንንም የመጀመሪያ ቀን ለሁለቱ ነግረዋቸው ነበር። ቲቸርም ለዚሁ ሲሉ የመፈተሻ ወረቀት ሰጥተዋቸዋል። ሚጢ ወረቀቱን ከደብተሯ ስር ሳበችው። «ያለ ማውስ ተሞክሯል» ከሚለው ጎን ቆንጆ የራይት ምልክት አለ። የራሷ አይደለም። የሾፌሯ ነው።

ሾፌሯ ማለት ጓደኛዋ ናት። ማውስ ከያዘች ለማንም ስለማትለቅ ነው ስሙ የወጣላት። ፀጉሯን እያሰረች በበር ገባች።

«ሚጡዬ! ኃላፊዋ ደረሱ እንዴ?»

«ነይ ቁጭ በይ እዚህ» አለች ሚጢ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይቺን ትእዛዝ አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

ሾፌሯ አየችው። «አዎ። ያ ሰማያዊ ቀለበት ያስጠላ ነበራ! ዲዛይኑን ገደለው።»

«ወረቀቱ ላይ ግን ያለ ማውስ ሞክሬዋለሁ ብለሻል።»

«ሞክሬዋለሁ።»

«በምን?»

ሾፌሯ ጥፍሯን አየች። «በዓይኔ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሚጢ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን አልመጣላትም። ሾፌሯም ገባት። «እሺ በቃ፣ ረሳሁት። አሥራ ሁለት ነገር ነው የተጻፈው፣ አንዷን ዘለልኩ፤ ምን ታካብጃለሽ?»

ሚጢ ትእዛዟን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነካችና ለወጠቻት። ወፈር ያለ ብርቱካናማ ቀለበት ይሁን አለች። ወዲያው ቁልፉን ቀለበት ከበበው። ታብ ስትጫን ቀለበቱ ወደ «ልመልስ»፣ እንደገና ስትጫን ወደ «ፈልግ» ዘለለ። አቤት ሲያምር! ሾፌሯ ራሷ «እንዴ፣ ያምራል እኮ» አለች።

ሚጢ ገጹ ከመጀመሪያው እንዲከፈት በደስታ ሪፍሬሽ አደረገችው። ቀለበቱ ድምጥማጡ ጠፋ።

ለካ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ለዚያች ስክሪን ብቻ ነው። ዋናው ፋይል ያለው የትምህርት ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ፓስወርዱን ደግሞ የምታውቀው ሾፌሯ ናት።

«ግቢና አስተካክይዋ» አለች ሚጢ።

«ሰርቨሩን ስምንት ተኩል ላይ ዘግተውታል። እስኪታይ ማንም አይነካም ብለዋል ቲቸር። ለማስከፈት ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ።» ሾፌሯ ወደ ቲቸር ሰረቅ አድርጋ አየች። «ወረቀቱን በውሸት እንደሞላሁት ልንገራቸው?»

ከዚያ ሾፌሯ ዓይኗ በራ። «ቆይ ቆይ! ቅድም ያደረግሽውን መልሰሽ አድርጊው። ሳጥኑን ዝጊው። ሪፍሬሽ ብቻ እንዳታደርጊው። እሳቸው በዚሁ ይሞክሩታል፣ ያልፋል፤ እሑድ ዕለት እኔ ገብቼ አስተካክለዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«እሑድ ብትረሺውስ?»

«አንቺ ደግሞ! የማታምኚኝ ከሆነ ምኑን ጓደኛ ሆንን?»

ይቺ አንጀቷን በላቻት። ሚጢ ለውጡን መልሳ ጻፈች፣ ሳጥኑን ዘጋች። ገጹ ላየው ሰው አያስታውቅም፤ ቀለበቱ ይዘላል፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው። እሷ ግን ደህና አይደለችም።

ልክ ዘጠኝ ሲሆን ኃላፊዋ መነጽራቸውን በገመድ አንጠልጥለው ገቡ። ቲቸር ተከትለዋቸው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ሾፌሯ ወንበር ሳበችላቸው።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። በሉ እስቲ ጉዳችሁን አሳዩኝ» አሉ እየሳቁ። ማውሱን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄን ውሰዱልኝ፣ እኔና እሱ ከተጣላን ቆየን።» ከዚያ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ታብን ተጫኑ። ብርቱካናማው ቀለበት «ልዋስ»ን ከበበ።

«ውይ!» አሉ። «አያችሁ፣ አሁን የት እንዳለሁ ያስታውቃል! ቢሮዬ ባለችው በድሮዋ ገጽማ ቁልፍ ስፈልግ ነው የምውለው። አንዱን ልጅ የመለሰው መጽሐፍ ከስሙ ሳይሰረዝለት ቀርቶ አልመለስክም ብዬ ተቆጥቼዋለሁ እኮ። መንገድ የጠፋበት የእኔ ጣት ነበር።»

ሾፌሯ በጠረጴዛው ስር የሚጢን እግር ነካች። አለፍን፣ ማለቷ ነው።

ሚጢ ግን ሰኞን ነበር የምታየው። ኃላፊዋ የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት፣ ታብ ሲጫኑ፣ ምንም ሲያጡ። ምናልባት እሑድ ይስተካከል ይሆናል። ምናልባት።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንዴ እጅዎን ያንሱልኝ» አለች። «የሚያዩት ዋናው አይደለም።»

ሾፌሯ እጇን ያዘቻት። «ሚጢ፣ ተይ።»

ሚጢ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀችና ሪፍሬሽ አደረገችው።

ቀለበቱ ጠፋ። ኃላፊዋ ታብን ተጫኑ፣ ደግመው ተጫኑ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ተጠጉት። «አሁንስ የት ነው ያለሁት?»

«አይታይም እትዬ። እኛ ነን ያጠፋነው። ወረቀቱ ላይም ሞክረነዋል ያልነው ሳንሞክር ነው።»

ቲቸር ወረቀቱን አንስተው አነበቡት። ከዚያ አንዷን፣ ከዚያ ሌላዋን አዩ። «ማን ነው የሞላው?»

ይህን የምትለው ሚጢ አይደለችማ። ማውሱን አነሳችና ከስክሪኑ ኋላ አስቀመጠችው፤ ኪቦርዱን ደግሞ በሾፌሯ ፊት አደረገችው።

ሾፌሯ ቀና ብላ ሚጢን አላየቻትም፤ ምናልባት ሳምንቱን ሙሉም አታያት ይሆናል።

«ቲቸር፣» አለች፣ «ይክፈቱልኝና እኔ ላስተካክለው። የሞላሁት እኔ ነኝ።» ከዚያም ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ታብን ተጫነች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፣ የት እንደደረሰች በማታውቀው ገጽ ላይ።