የመንታዎቹ እንግዴ ልጅ

ልጆቼ፣ ፍቅር መግቢያ በር አይመርጥም። ምንተስኖትና ሐረገ ወይን የተዋደዱት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ስለ እንግዴ ልጅ ሲነጋገሩ ነው።

ጊዜው 2005 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ነበር። ምንተስኖት ከጎንደር የተላከ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ነፍሰ ጡሮች ምን እንደሚበሉ ይጠይቃል፤ ሲወልዱም ከእንግዴ ልጁ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ለምኖ ይወስዳል።

ሐረገ ወይን ሆዷ የገፋውን እኅቷን ባንቺዓለምን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። አባታቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም አብረው ነበሩ።

«ምን ትበያለሽ?» አላት ምንተስኖት።

ባንቺዓለም አባቷን አየት አደረገችና፣ «ጾም አይደል እንዴ? ሽሮ፣ ጎመን» አለች።

ሐረገ ወይን ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ምንተስኖት ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቶሎም አልተላቀቁም።

ውጭ ጠብቃ ያዘችው።

«አንተ ሞኝ! አባት አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ ይጠየቃል? ጠዋት ጠዋት ወተት የማቀብላት እኔ ነኝ። አባዬ ቢሰሙ ያዝኑብናል። አደራ!»

«አደራሽን ተቀብያለሁ።»

«ለመሆኑ የምትበላውን ማወቅ ምን ያደርግልሃል?»

«እንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉት ጂኖች ሁሉም ባንዴ አይሠሩም። እናት የምትበላው አንዱን ሊያነቃ፣ ሌላውን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ፅንሱ ወንድ ሲሆንና ሴት ሲሆን ደግሞ ይለያያል።»

«እንደ አባዬ ድጓ በለኛ! መጽሐፉ አንድ፤ በጾም የሚዜመው ሌላ፣ በፋሲካ ሌላ።»

ምንተስኖት አባባሏን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ባይኖርም በደጃቸው መመላለስ አበዛ።

ከፋሲካ በኋላ ባንቺዓለም መንታ ወለደች፤ ወንድና ሴት። ቁራጭ እንዲወስድ እሷም ባሏም ፈቀዱለት። «አንድ እናት፣ አንድ ማዕድ፣ ሁለት እንግዴ ልጅ!» እያለ ሲፈነድቅ አዋላጇ አባትየው መስሏት «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለችው።

ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። መሪጌታ ግን፣ «መሬት የሚገባውን እንግዴ ልጅ ጠርሙስ ውስጥ ለሚከት ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱን። ሐረገ ወይን ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ራሳቸው አስጠሩት። እኛ ሽማግሌዎቹም ተከትለን ገባን።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባንቺዓለም በሁዳዴ ጾሟን ገድፋለች?»

ሁለቱ እኅትማማቾች ጓዳ ሆነው ያዳምጣሉ።

«መሪጌታ፣ ነፍሰ ጡር የነገረችኝን ለማንም አልናገርም።»

«ልጄን ብነፍግህስ?»

«ብትነፍጉኝም» አለ።

መሪጌታ ሳቅ አሉ። «የንስሐ አባቷን ‹ልጄ ደክማለች፣ ከጾሙ ይፍቱልኝ› ብዬ የለመንሁ እኔው ነኝ። እነሱ ከኔ ይደብቃሉ፣ እኔ ከጎረቤት እደብቃለሁ። አንተ ግን ምስጢር ትይዛለህ። እነዚያን ቁራጮች መልስና ከእንግዴ ልጆቹ ጋር ይቀበሩ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ለምርመራ ተፈጭተው አልቀዋል፣ አባቴ» አለ ምንተስኖት።

እኔማ በቃ ተበላሸ ብዬ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ መሪጌታ፣ «በነሱ ምትክ አንተ እኛ ዘንድ ቅር።»

ሐረገ ወይን ከጓዳ እልል አለች። ለገዛ ራሷ እልል ያለች ሙሽራ በዕድሜዬ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።