በፖስታ የታሸጉ ሙታን

ደረጃው ላይ ተላለፉ። ዋነስ ስትወርድ ቆቅ ሲወጣ፣ ብጣሽ ወረቀት ከእጁ ወደ እጅጌዋ ገባች።

«ስንት ይላል?» አለች ሳትቆም።

«መቶ አርባ ስምንት።»

ሽቶ ተቀብታለች። ለሥራ ነው ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። አልሆነለትም።

ሁለቱም ሰላዮች ናቸው። እሱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እሷ የዶክተሩ ረዳት መስለው ተቋሙ ውስጥ ከገቡ ስምንት ወር ሆናቸው። ዶክተሩ፣ ግድብ ቢደረመስ ጎርፉ ስንት ሰው እንደሚገድል የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቷል። ሞዴሉ የሚፈተነው በድሮ አደጋ ነው። የውሃውን ከፍታ፣ የቤቱን ብዛት፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ሰዓት ያጎርሱታል፤ እሱም የሟች ቁጥር ይሰጣቸዋል። እውነተኛው ቁጥር ያለበት፣ ቆቅ አሽጎ የሚጠብቀው ፖስታ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ፈተና ሞዴሉ አንድ ሰው እንኳ ሳይስት ገጠመ።

ሙታን እንዲህ አይታዘዙም። ቁጥሩን አስቀድሞ የሚያሾልክ አለ፤ ያን ሰው ማግኘት የሁለቱ ሥራ ነው። ሞዴሉ የዛሬውን ካለፈ አዲሱ ግድብ ውሃ ይሞላል፤ ከግድቡ ሥር ደግሞ አርባ ሺህ ሰው ይኖራል።

ቆቅ በመስኮት ወደ ግቢው አየ። ዶክተሩ ኮቱን አውልቆ ዋነስ ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት። ሳቀች። ለቆቅ እንደዚያ ስቃለት አታውቅም።

ወደ አለቃቸው ደወለ። «አጎቴ» ነው የሚሉት።

«አጎቴ፣ የምታሾልከው እሷ ናት።»

«ማስረጃ አለህ?»

«በዓይኔ አየሁ።»

ያየው ኮት ብቻ ነበር።

«በቃ፣ ልጆቹ ይወስዷታል። የዛሬው ቁጥር ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ አንድ።»

ለዋነስ የሰጣትም ለአጎቴ የነገረውም ውሸት ነው። ሞዴሉ አንዱን ውሸት ከደገመ፣ ያሾለከው ያን ውሸት የሰማው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን ውሸት ስጥ፣ ለእኔም ቢሆን ብሎ ያስተማረው ራሱ አጎቴ ነበር። ቆቅም ጠርጥሮት አይደለም፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የግድቡ ኮሚቴ ሊቀመንበር እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ሞዴሉን አስነሳ። የዛሬ አርባ ዓመት የፈረሰው የወንዝ መከላከያ ግንብ ስክሪኑ ላይ እንደገና ፈረሰ፣ ጎርፉም መንደሩን አዳረሰ። ቆቅ መቶ አርባ ስምንትን ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ተመኘ። ጥፋተኛ ብትሆንለት ቅናቱ ፍርድ ይሆንለት ነበር።

መቶ ሰማንያ አንድ።

አጎቴ።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው። ዞር ብሎ የዋነስን ወንበር አየ።

ባዶ ነው።

የሊቀመንበሯ እስክሪብቶ ወረቀቱን ነካ።

«ክብርት ሊቀመንበር፣ እንዳይፈርሙ።» ፖስታውን ቀደደ። «የሞቱት መቶ ስድሳ ሦስት ናቸው። መቶ ሰማንያ አንድን ዛሬ ጠዋት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የነገርኩትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዶክተሩ አመዱ ቡን አለ። ግን የጠየቀው ስለ ቁጥሩ አልነበረም።

«ረዳቴ የት ናት?»

«ወሰዷት።»

«እነማን?»

«ቁጥሩን የሚያቀብልህ ሰው የላካቸው ልጆች።»

«እሷ እኮ ምንም አታውቅም» አለና ወንበር ገልብጦ ሮጠ።

ቆቅም መሮጥ ነበረበት። ግን እስክሪብቶው ገና በሴትዮዋ እጅ ነው፣ ማስረጃውም በእሱ። ቆሞ አንድ በአንድ አስረዳ። ፊርማው ቀረ። ግድቡም ሳይሞላ ቀረ።

ዶክተሩ ዋነስን የያዘችውን መኪና ግቢው በር ላይ ደረሰባት። ከፊቷ ቆመ፤ ገጭታው ቆመች፤ በተሰበረ እግሩ እያነከሰ ዋነስን ጎትቶ አወጣት። ቆቅ ይህን የሰማው ከሰው ነው። አጎቴ ተያዘ፣ ዶክተሩም ታሰረ። ለቆቅ አዲስ መታወቂያ ተሰጠውና ከከተማው ጠፋ።

ከአራት ወር በኋላ እስር ቤቱ በር ላይ ከጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ ነበር። ለምን እንደመጣ ለራሱም አልነገረም። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ከኋላው ቆመች።

«ወንድሜ፣ የጠያቂ ወረፋ ይሄ ነው?»

ዞረ። ዋነስ ናት። ዓይኑን አየችው፤ ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ማን እንደጠቆማት ታውቃለች።

«ይሄ ነው፣ እህቴ።»

ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ምግብ ይሸታል፣ አሁን ከእሳት የወጣ ነው። ቆቅ ቀና። በእስረኛ ቀና።

ተራውን ለቀቀላትና ሄደ።