የዳሞታው ወፍጮ ዝም ያለ ዕለት

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ የዳሞታ ተራራ እስከ ረፋድ ድረስ ጉም ለብሶ ይቆይ ነበር፤ ብርዱም ከግርጌው ካለችው ከሶዶ ከተማ ለሚወጣ ሰው አጥንት ድረስ ይዘልቅ ነበር፤ ናፍጣም በዚያው ሰሞን ተሰልፈው የማያገኙት ነገር ሆነ።

በተራራው ወገብ ባለ ወፍጮ የነበሩት አቶ ኤርካሎ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅም አልወለዱም። እውነቱን ለመናገር ወፍጮው ለእርሳቸው የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው ባይኖር ከእሑድ እስከ እሑድ ከማንም ጋር ቃል አይለዋወጡም። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ከቆመ ሰፈርተኛው ወደ ሶዶ የመብራት ወፍጮ ይወርዳል፤ አንዴ ከለመደም አይመለስም።

በሶዶ ስለ ሞተር የሚያስተምሩት መምህር ኃይለመስቀል አዝነውላቸው መላ ሰጧቸው፤ ናፍጣውን ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቅለው እንዲሠሩበት። ነገር ግን ገበያ ላይ ያለው የፓልም ዘይት ነው፤ እርሱ ደግሞ ሲበርደው ይረጋል። ስለዚህ ጧት በንጹሕ ናፍጣ ማስነሳት፣ ሲሞቅ ወደ ቅልቅሉ ማዞር፣ ማታም ከማጥፋት በፊት የነዳጁ ቱቦ እስኪጠራ በንጹሑ ማሠራት ግድ ነበር።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ የማታዋን ዐሥር ደቂቃ አደራ» አሏቸው መምህሩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አደራውን ጠበቁ።

አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ የሰፈራቸው ሰው የሆነችው ብርሃኔ በቆሎዋን አስፈጭታ የከረጢቷን አፍ እያሰረች አንድ ነገር ተናገረች። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚግባባው በእጁ ነው፤ ጆሮማ ምን ይሠራል! አቶ ኤርካሎ ከከንፈሯ ለይተው ያወቁት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ሩት። ሰዉ ኀዘናቸውን ላለመቀስቀስ ብሎ ከቀብሩ ወዲህ ያንን ስም በፊታቸው ጠርቶት አያውቅም፤ ለእርሳቸው ግን የስሟ አለመጠራት፣ ወይ ጉድ፣ ሁለተኛ ሞት ሆኖባቸው ኖሯል። እጃቸው ሳያስቡት ሞተሩን አጠፋ።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«እትዬ ሩት ዱቄቴን ተሸክመው እስከ ደጄ ይሸኙኝ ነበር፤ ይናፍቁኛል ነው ያልሁት፣ ጋሼ።»

ስለ ሟቿ ብዙ ተጨዋወቱ፤ አቶ ኤርካሎ ሳቁም፤ አለቀሱም። ብርሃኔ ከሄደች በኋላ ሞተሩ ትኩስ ሳለ መልሰው ማስነሳት ይችሉ ነበር፤ ዳሩ ግን ደስታው አፍዝዟቸው እዚያው ቁጭ እንዳሉ ሞተሩ በረደ።

በማግስቱ ቅልቅሉ በቱቦው ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ ተገኘ። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ቆመዋል። አቶ ኤርካሎ ክንዳቸው እስኪዝል በእጅ ማስነሻው ታገሉ፤ በመጨረሻም ሰው እንዳይሄድባቸው ቸኩለው ከቱቦው ሥር እሳት አነደዱ። የቱቦው ጎማ ተያያዘ፤ ውኃ እስኪደርስ ድረስ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ነደደ። ሴቶቹ አይዞዎት ብለዋቸው፣ ሸክማቸውን አንሥተው ወደ ሶዶ ወረዱ።

በወረዳው መዝገብ ስለዚያ ዓመት የሰፈረው «በናፍጣ እጥረት ሥራ ያቆመ ወፍጮ፣ አንድ» የሚል ነው። መምህሩም በበኩላቸው የፓልም ዘይት ለደጋ እንደማይሆን ጻፉ፤ ምን ነካዎት ብለው ቢጠይቁም አቶ ኤርካሎ «ዘነጋሁ» ከማለት በቀር የመለሱላቸው ነገር የለም። አንድ ባል የሚስቱን ስም አጥርቶ ለመስማት ሲል ሞተር ማጥፋቱን የመዘገበ አልተገኘም። ብርሃኔም ከዚያ ወዲህ የምታስፈጨው ሶዶ ነው፤ መንገዷ በሌላ በኩል ነውና በአቶ ኤርካሎ ደጅ አታልፍም።