ሙቀት ነው ብለን

«ቲቸር፣ ልውጣ?»

ሳጂድ መልሱን ሳይጠብቅ ተነሣ። የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ዞር አሉ። «አሁን አይደል እንዴ የገባኸው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሳጂድም አብሮ ሳቀና ሱሪውን ወደ ላይ እየሳበ ወጣ። ሱሪው ለዒድ ሲገዛለት ልኩ ነበር። አሁን ወገቡ ላይ በገመድ ካላሰረው አይቆምለትም።

አብሮት የሚቀመጠው ናሁሰናይ ባዶውን ቦታ አየት አድርጎ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ሚያዝያ ነው። በሚያዝያ የገንዳ ውሃ ከተማ እንደ ምጣድ ትግላለች፤ ሰው ሁሉ የውሃ ፕላስቲኩን ይዞ ነው የሚዞረው። አንድ ልጅ ውሃ አበዛ ብሎ የሚገረም የለም።

ናሁሰናይ ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ በምንም ነገር አይገረምም። በጥቅምት ታላቅ ወንድሙ አስማረ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ኮኪት ሄደ፤ ሬሳው በአይሱዙ ተጭኖ ተመለሰ። ወባ ነው ተባለ። እርሻው አጠገብ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው የወባ ኪኒን ሰጥቶት ነበር፤ በበረሃ ሰው ካስታወከና ከደከመ ሌላ ምን ይባላል? ትሁን የምትባለው እናታቸው መሬት ላይ ስትንከባለል ናሁሰናይ ቆሞ አያት። አላለቀሰም። ለቀስተኛው «ጠንካራ ልጅ ነው» አለ። ጠንካራ አልነበረም። ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ ክንድ፣ መላ ሰውነቱ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ይበላል፣ ይማራል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ሌላ ምንም አይሰማውም።

ከዕረፍት በኋላ ከጤና ጣቢያ ሲስተር ዙፋን መጡ። ሰሌዳው ላይ «የስኳር በሽታ» ብለው ጻፉ።

«እሱ የሀብታም አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ሀብታም ድሃ አይልም» አሉ ሲስተር፣ ራሳቸውም ፈገግ ብለው። «ከረሜላ ስለበላችሁም አይደለም። በእናንተ ዕድሜ ሲመጣ ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት ያቆማል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዱሮ ለዚህ ጎንደር ድረስ ነበር የምንልከው። አሁን መመርመሪያውም መርፌውም እዚሁ አለ።»

ከዚያ ምልክቶቹን ነገሯቸው። የማይቆርጥ ጥማት። ቶሎ ቶሎ መሽናት። እየበሉ መክሳት። ሲብስ ማስታወክ፣ ማለክለክ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት።

«እዚህ እኛ አገር» አሉ ሲስተር፣ «መጀመሪያ ሙቀት ነው እንላለን። ቀጥሎ ወባ ነው እንላለን። ከዚያ ጊዜው ያልፋል።»

ናሁሰናይ እንደ ቤት ሥራ አንድ በአንድ አመሳከረው። አስማረ ከመሄዱ በፊት ሌሊት ሌሊት ወደ ውጭ ይመላለስ ነበር፤ አዎ። ጀሪካኑን እንዳለ አንሥቶ ይጠጣ ነበር፤ አዎ። ቀበቶው ሲሰፋው በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በስቶለት ነበር፤ አዎ። መልሱ ወጣ። በዚህ ጊዜ መጮህ ወይም ተነሥቶ መውጣት እንደሚገባው ገባው። ግን ምንም አልመጣለትም። ብቻ፣ ከጎኑ ሳጂድ ውሃውን ሲጨልጥ ጉሮሮው ጓ፣ ጓ ሲል ሰማ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ናሁሰናይ «ተመርመር» አለው።

«ምኑን?»

«ሲስተር ያሉትን።»

«አቦ አትጀምር! ሙቀቱ ነው። ደግሞ ትናንት ከአባቴ ጋር ሄጄ ታይቻለሁ፤ ምንም የለብህም አሉኝ። ኸላስ፣ አለቀ!»

ለትንሹም ለትልቁም ወላሂ የሚለው ሳጂድ አሁን አልማለም። ትንሽ ከሄዱ በኋላ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ስማ፣ ቅዳሜ ከዮሐንስ ከተማ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን። ለአባቴ ምንም እንዳትተነፍስ፤ ያስቀረኛል። ጀለሴ አይደለህ?»

ከአባቱ ጋር የተመረመረ ልጅ ለአባቴ አትንገር አይልም። ናሁሰናይ ይህን አሰበ እንጂ አልተናገረም። «እሺ» አለ።

ሳጂድ ወደ ልምምድ ሜዳው ታጠፈ። ናሁሰናይ መንታ መንገዱ ላይ ቀረ። ዝም ማለት ለእሱ ቀላል ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ የሠራው ሥራ እሱ ነው። ባጃጆች አቧራውን እያስነሡ አለፉት። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አየው። ከዚያ ወደ ገበያው ሄደ።

የሳጂድ አባት አብዱልሀኪም ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ።

«ናሁ ልጄ! ሳጂድስ?»

«ጋሽ አብዱ፣ ሳጂድ ታሟል።»

«ኧረ! አሁን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በልቶ የሄደ ልጅ?»

«ይበላል፤ ግን እየከሳ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይጠጣል። ማታም ይነሣል አይደል?»

አብዱልሀኪም ሳቅ አሉ። «በዚህ ሙቀት ማን የማይጠጣ አለ?»

«እኛም አስማረን እንዲህ ነበር ያልነው» አለ ናሁሰናይ። ድምፁ አልተለወጠም፤ የሳሙና ዋጋ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። «ሙቀት ነው ብለን ላክነው።»

ካርቶኑ ቆመ። አብዱልሀኪም ተነሥተው የሱቁን በር ዘጉ።

ሳጂድን ሜዳው ዳር ተቀምጦ አገኙት። ከአባቱ ጀርባ ናሁሰናይን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ለካ ሰው አይደለህም!» አለው። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡም ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ወርዶ አስታወከ።

ሲስተር ዙፋን ጣቱን ወግተው ጠብታዋን ትንሿ መሣሪያ ላይ አስነኩ። መሣሪያዋ ቁጥር አላወጣችም።

«ምን አለ?» አሉ አብዱልሀኪም።

«መለካት ከምትችለው በላይ ነው» አሉ ሲስተር፣ እጃቸው ጓንት እየፈለገ። ሐኪሙን ጠሩ። ጉሉኮስ የሌለበት ውሃ ተሰቀለ፣ ኢንሱሊኑ ተሰጠ። አብዱልሀኪም የልጃቸውን እግር ይዘው ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሳጂድ ትንፋሽ ረጋ አለ። ዓይኑን ገልጦ ናሁሰናይን አየው። «ቅዳሜ አልጫወትም ማለት ነው?»

«አይመስለኝም።»

ሳጂድ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ናሁሰናይ ይቅርታ አልጠየቀውም።

በረንዳው ላይ ሲስተር ዙፋን ደረሱበት። «እንዴት አወቅህ?»

ስለ አስማረ ነገራቸው። ሲስተር አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ይድን ነበር?» አለ።

«ሳላየው በምን እንደ ሞተ መማል አልችልም። የነገርከኝ ግን እሱን ይመስላል። እሱ ከነበረና መርፌውን ቢያገኝ፣ አዎ፣ ሊተርፍ ይችል ነበር። መርፌው እዚህ የመጣው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እናንተም አላወቃችሁም፤ ማንም አልነገራችሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። አሁንም ምንም አልተሰማውም። የባጃጅ ልሰጥህ ሲሉት እንቢ ብሎ በእግሩ ሄደ።

እናቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማሽላ እየነፋች ነበር። ማታ ማታ ጎረቤት ሲሄድላት ብቻዋን የምትለው ነገር አላት፤ «እኔ ነኝ የላክሁት፣ ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ።» ናሁሰናይ በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ቀና ብላ አየችው።

«የት ቆየህ?»

ጨዋታ ላይ ነበርሁ ማለት ይችላል። ትቀበለዋለች፤ እራት ታቀርባለች፤ ይተኛሉ። የሚያውቀውን ብትሰማ ይቅለላት ይባስባት አያውቅም።

«እማዬ» አለ፣ «አስማረ ወባ አልነበረበትም መሰለኝ።»

ወንፊቱ እጇ ላይ ቆመ። የናሁሰናይን ሰውነት፣ ደም እንደሚመለስበት የደነዘዘ ክንድ፣ ይወጋጋው ጀመር። ትሁን ወንፊቱን መሬት አስቀመጠች፤ ከአግዳሚው ጫፍ ድረስ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ሄዶ ተቀመጠ፤ ከመጀመሪያውም ጀመረ።