የአልዱባ መስመር ማሳረፊያ

የመገናኛ ጣቢያው ቴክኒሻን ዳርጌ የተገኘው በሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል። እግሩ ሥር የመስመር ሠራተኛው የሙሴ የምሰሶ መውጫ ብረት ደም ለብሶ ወድቋል። የጂንካ ሰው ለፍርድ ዳኛ አይጠብቅምና፣ ፖሊስ በሩን ሳያልፍ ገበያው በሙሴ ላይ ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ሮማነወርቅ ስትደርስ ሙሴ ታስሯል። የመገናኛ ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ጎሳዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ምኑ ይመረመራል? ብረቱ የሱ፣ ጠቡም የሱ! ነገ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ ይጫን።»

«የሚጫነውን የምለየው እኔ ነኝ፣ ጓድ ጎሳዬ። ይልቅ ከበሩ ፈቀቅ ይበሉ።»

የሙሴ ሚስት ባዩሽ ግቢው ውስጥ ትጮሃለች። «መቶ አለቃ፣ ባሌ ምሰሶ ሲወጣ ጎጆ ያለባት ወፍ እንኳ የማያስደነግጥ ሰው ነው! ደሃ ስለሆነ ነው የሚያስሩት? እኔንም ይሰሩኝ!»

ሮማነወርቅ አልፋት ሬሳው ወዳለበት ጓዳ ገባች። ውስጧ ግን ሲጨስ ከርሟል። በክረምቱ ዱስ መንደር ወባ ገብቶ የጤና ረዳቱ በአልዱባ በኩል መድኃኒት ሲለምን፣ መልእክቱ ጂንካ የደረሰው ፊደሉ ተበጣጥሶ ነው። አውሮፕላን ሳይላክ ልጆች ተቀበሩ። ዳርጌ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ከጂንካ አልዱባ መልእክት በፍጥነት የሚያደርስ «ገፊ» የሚለውን ሳጥን ሲቀጥል ሲፈታ ምሳውን እየረሳ መክሳቱ የሰፈር ቀልድ ሆኖ ነበር።

የሟቹን ኪስ ፈተሸች። ከሸሚዙ ኪስ ጣት የማትሞላ ባለቀለም ቀለበት ቁራጭ ወጣች፤ ሁለት የሽቦ እግር አላት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

የማሽን ጸሐፊዋ ብዙወርቅ ዓይኗን ጠረገች። «ማሳረፊያው ናት። አልዱባ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ የምትገባ ሬዚስተር። ገፊው በሁለት ሽቦ ነው የሚልከው፤ አንዱን ሲገፋ ሌላውን ይስባል። መንገድ ላይ የገባ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ጫፍ ላይ ይጠፋፋል። የመጣው መልእክት ደግሞ እዚህች ላይ ያርፋል።»

«ባታርፍስ?»

«ግድግዳ እንደመታ ኳስ ተመልሶ ከኋላው የሚመጣውን ይጋጨዋል። ፊደሉ በፊደል ላይ ይወጣል።»

«ትናንት ምን ሠራችሁ?»

«እሱ እዚህ ጓዳ፣ እኔ ፊት ለፊት ክፍል። "የመጣልሽን ጻፊና ላኪ" ሲለኝ፣ "ዳርጌ ዛሬም ምሳ አልበላም" ብዬ ላክሁ። መስመሩ ውስጥ ሳይገባ ከጠረጴዛው ላይ የወጣውን ቅጂ አይቶ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ማሽኑ ሲያንገጫግጭ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።»

ቅጂው አሁንም ከሟቹ ክንድ ሥር ነበር። ከኋላው ወደ ጓሮ የሚያወጣው መስኮት ተገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ባለው የመስመር መለኪያ መስታወት ላይ ደግሞ ዳርጌ በእርሳስ አንድ ምልክት አድርጓል።

ሙሴ እስር ቤት ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ከዳርጌ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ማሳረፊያዋ! ሰው አያምንም፤ እየነቀለ ይዟት ይመጣል። "የሚስትህ ጉትቻ ናት እንዴ በኪስህ የምትዞር?" አልኩት። ሰደበኝ፣ ሰደብኩት፣ አብረን እራት በላን።»

«መጨረሻ የነቀላት መቼ ነው?»

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከኔ ጋር። "ባዶ ጫፍ ድምፅ ይመልሳል፤ መስመሩ የት እንደታመመ የሚነግረኝ እሱ ነው" አለኝ። ዛሬ ጠዋት ምሰሶ ልንወጣ ተቀጣጥረን ነበር። እኔ እሱን?»

ጓድ ጎሳዬ በበኩሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል።

«እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ቀኑን ሙሉ አልዱባ ገበያ ነበርኩ፤ ያዩኝ ሰዎች ሞልተዋል። ከሰዓት በኋላም እዚያው መቀበያው ቤት ሆኜ የብዙወርቅን መልእክት ተቀብያለሁ። "ዳርጌ ዛሬም ምሳ አልበላም" ይላል። አንድ ፊደል አልተጣለም! በመስመራችን ላይ የሚወራው ሁሉ አሉባልታ ነው።»

«ጥሩ ንባብ ነው» አለች ሮማነወርቅ፣ ኪሷን እየዳበሰች።

በማግስቱ ጠዋት የአርባ ምንጩ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሴ በካቴና፣ ባዩሽ ከጎኑ፣ ብዙወርቅ ግድግዳ ተደግፋ። ጎሳዬ ሰዓቱን ያያል።

«ዳርጌ ማሳረፊያዋን ነቅሎ የመጣው መስመሩ የት እንደታመመ ሊያዳምጥ ነው» አለች። «ድምፁ ግን አልዱባ ሳይደርስ ከመንገድ ተመለሰ። ምልክቱ ይኸው። ብዙወርቅ ምልክቱን በርቀት አስልታ ነገረችኝ፤ ሄድኩ። እዚያ የመስመሩ መዳብ ሽቦ ተቆርጦ የአጥር ሽቦ ተቀጥሏል። መዳቡ የት እንደገባም አይቻለሁ፤ የጓድ ጎሳዬን የእህል ወፍጮ ያዞራል።»

ብዙወርቅ አፏን ያዘች።

«ይኼ ግድያ ነው እንዴ?» አለ ጎሳዬ።

«ምክንያቱ ነው። ግድያው ገና ነው። ማሳረፊያዋ በዳርጌ ኪስ ሆና አልዱባ ምን እንደደረሰ ፖሊስ ልኬ አስመጥቻለሁ። የዚያን ቀን ወረቀት ከአልዱባው ማሽን የቀደደው ሰው አልነበረም።» ዘረጋችው። ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው፣ እንኳን ቃል አንድ ፊደል አይለይባቸውም። «ስለ ምሳ የሚል ነገር ይታይዎታል?»

ሮማነወርቅ ጠረጴዛውን በጣቷ መታች።

«ያ መልእክት በንጹህ የሚነበበው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ። ብዙወርቅ ከላከችው በኋላ እዚህ ጓዳ ገብቶ ያላየው ሰው ሊያውቀው አይችልም። ጠዋት አልዱባ ታይተህ፣ ቀትር ላይ የጣቢያውን ላንድሮቨር ራስህ ነድተህ ተመልሰህ፣ በጓሮ መስኮት ገባህ። የሙሴን ብረት ከግድግዳው አወረድክ።»

«አንተ» ማለቷን ሰው ሁሉ ሰማ። የኃላፊ ፊት እንደዚያ አመድ ሲመስል ጂንካ አይታ አታውቅም።

«ለቁራጭ ሽቦ!» ብሎ ጮኸ። «ለቁራጭ ሽቦ ሌባ ብሎ ስሜን በስብሰባ ሊያጎድፍ! እሱ ማነው?»

ባዩሽ ዘላ አንገቱን ልትይዝ ሁለት ፖሊሶች ያዟት። «ሽቦ? የዱስ እናቶች ፊት ቆመህ ሽቦ በል! ቁም አልኩህ፣ እያየኸኝ በል!»

ሮማነወርቅ ካቴናውን ከሙሴ እጅ አውልቃ በጎሳዬ እጅ አሰረች። መኪናው ባዶውን አልሄደም።

ሙሴ በብረቱ ዳግመኛ አልወጣም፤ ቢሰጡትም አልነካው። በገመድ ወጥቶ የአጥር ሽቦውን ነቅሎ ጣለ፤ ከወፍጮው የተፈታውን መዳብ መለሰ፤ አልዱባ ወርዶም ማሳረፊያዋን ከቦታዋ ከተተ።

ብዙወርቅ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ምን እንደምትልክ የነገራት ሰው የለም። ቁልፎቹን ስትመታቸው የተናደደችባቸው ትመስል ነበር። አልዱባ ላይ ሙሴ ወረቀቱን ቀደደና ቆሞ አነበበው፤ አንድም ፊደል አልተነካም።

«ዳርጌ ዛሬም ምሳ አልበላም።»